መርሳን የሰጡኝ ሰው

ወልድያ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከደብተሩ አጠገብ በመናኸሪያ አዟሪዎች የሚሸጧቸውን ስስ የጠቅላላ እውቀት መጻሕፍት እደረድራለሁ፤ የዓለም ረጅሙ ወንዝ፣ ጥልቁ ሐይቅ፣ ከፍተኛው ፏፏቴ የሚሉትን። ጎረቤቶቼ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ እኔ እነዚህን አነባለሁ። ስሕተት ካገኘሁ ደግሞ ደሜ ይፈላል። አንዱ መጽሐፍ ካስፒያንን ባሕር ይለዋል፣ ሌላው ሐይቅ ነው ይላል፣ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አይተፋፈሩም።

ባለቤቴን ያገኘኋት በዚሁ ጠባዬ ነው። ከመርሳ መጥታ ወልድያ የምትማር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሱቄ ገብታ አንዱን መጽሐፍ ቆማ ታገላብጥ ጀመር። የማይገዛ ሰው መጽሐፍ ሲያሻሽብኝ አልወድም። «ትገዢዋለሽ ወይስ ታጠኚዋለሽ?» አልኳት። ቀና ሳትል «ትልቁ በረሃ ሰሃራ ነው ይላል፤ ውሸት ነው። አንታርክቲካ ነው» አለች። በረዶ ምን በረሃ ያደርገዋል ብዬ ተነሣሁ። ዝናብ የማያገኝ መሬት ሁሉ በረሃ ነው ብላ መለሰች። መሸና ሱቁን ስዘጋ እንኳ ክርክሩ አላለቀም። በዓመቱ ተጋባን፤ እሷ ልክ እንደነበረች ያመንኩት ግን ከሠርጉ በኋላ ነው።

ቤታችን ውስጥ ከእራት በኋላ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። እንደሚታወቀው መልሱ የጠፋበት ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ጎንደርን ሰጥቼሃለሁ፣ ጎጃምን ሰጥቼሃለሁ ብሎ መገላገል ነው ደንቡ። እኛ ጥያቄውን ሁሉ የወንዝና የተራራ አደረግነውና አንድ ሕግ ጨመርንበት፤ አገር የሚሰጥ ሰው ስለዚያ አገር የሚያውቀውን አንድ ነገር መናገር አለበት። የማያውቁትን አገር መስጠት ክልክል ነው። እሷ የምትሰጠኝ ሁልጊዜ ብርዳሙን ነበር። «ግሪንላንድን ሰጥቼሃለሁ፤ ጋቢ ደርበህ ሂድ፣ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ አታገኝም» ትለኛለች። ስትረታኝ ደግሞ ባሕር እንጂ ሌላ አትጠይቅም። ባሕር አይታ አታውቅም። ትልቁ ያየችው ውሃ ደሴ ስትሄድ በመኪና መስኮት ያየችው፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘች ጊዜ አንድ ማታ ረታችኝና የምሰጣት ባሕር አለቀብኝ። «እንግዲያው ሙት ባሕርን ውሰጂ፤ ዋና የማይችል ሰው እንኳ አይሰጥምበትም» አልኳት። ቱ ቱ ብላ ደረቷ ላይ እንትፍ አለችበት። «ለእርጉዝ ሙት ነገር ይሰጣል? አንተ ሊቅ፣ እውቀት እንጂ አእምሮ አልሰጠህም!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ያን ያህል ቀላል ሳቅ ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ጠፍቷል።

ክረምት ሲገባ መርሳ እናቷ ዘንድ ሄደች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ሆስፒታሉ ወልድያ አለ፣ እዚሁ ውለጂ ብዬ ብጨቃጨቅም አማቴ በስልክ «ልጄ፣ ገንፎውን አንተ ታገነፋለህ?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ደግሞም መርሳ ማለት በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ ያለች ናት፤ ሩቅ የምትባል አይደለችም። አደረስኳት። የአማቴ ቤት ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ ወፍጮው ሲጮህ ይውላል፤ ልጁ ገና ከመወለዱ ደንቆሮ ይሆናል ብዬ ቀልጄ ተመለስኩ።

ነሐሴ ለደብተር ነጋዴ የመከር ወር ነው። እንደ ወትሮው አዲስ አበባ ወረድኩና ለመስከረም የሚሆን ደብተር ጭኜ ስመለስ ጦርነቱ ከእኔ ቀድሞ ወልድያ ደረሰ። መርሳም ተያዘች። መኪናችን ደሴ ላይ ቆመ። ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ደውላ «ደብተሩን ጫንክ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል አይሠራም። ኔትወርኩ ከነመብራቱ ጠፍቷል አሉን።

ደሴ ውስጥ ተፈናቃይ የሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት ገባሁ። የደረሰኝ ክፍል ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ በቀለም ተሥሎበታል፤ ሠዓሊው ማዳጋስካርን ረስቷታል። በደህናው ጊዜ ቢሆን ርእሰ መምህሩን ፈልጌ እጣላ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ባሕርና አህጉር የምፈልገው አንዲት መርሳን ነው፣ እሷ ደግሞ ካርታው ላይ የለችም። ጣቴን ባሳርፍ ጣቴ ደሴንም ወልድያንም ሸፍኖ አፋር ይገባል። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ስልክ ይሠራል ብሎ የጻፈ መጽሐፍ ሸጫለሁ። የዓለም ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ሚስቱን አግኝቶ ሲያወራ፣ ከደሴ መርሳ ድረስ ድምፅ አይሻገርም። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ናፍቆት ነው። ወርዋን ቆጥሬ አውቃለሁ። ልትወልድ ደርሳለች፣ ምናልባትም ወልዳለች።

በእግር እያቋረጠ የሚመጣ ሰው ነበር። መርሳ ካለችበት ወረዳ፣ ከሐብሩ ነው የመጣሁት ያለኝን ሁሉ እይዛለሁ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ «ደህና ናቸው፣ አይዞህ»። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቃል አያሳርፍም። መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ በወጉ ይረዳል እንጂ። እስከዚያው የሞተውም ደህና ነው። አጎቴ የሞተ ጊዜ ሁለት ሳምንት ደህና ነው ሲሉኝ ከርመው ነው በአንድ ጠዋት ለቅሶ የገቡብኝ። ስለዚህ ሰው ደህና ናቸው ባለኝ ቁጥር በማግስቱ ማለዳ በር በሩን አያለሁ። ጠንከር አድርጎ ደህና ናቸው ያለኝን ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ እፈራዋለሁ።

ቀኑ አልገፋ ሲል ከሰዓት በኋላ እንቆቅልሽ አስጀመርኩ፣ ከነሕጋችን። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ኋላ ለመደው። የወልድያ ልብስ ሰፊ የሆነች አንዲት ሴት ነበረች፣ አፏ ስል። የአፍሪካን ትልቁን ሐይቅ ጠየቀችኝና ቪክቶሪያ አልኩ። የዓለም ጥልቁንስ ስትል ባይካል አልኩ። ሦስተኛው ላይ «ወልድያ ቤቴ ደጃፍ ላይ ያለችው ዛፍ ምንድን ናት?» አለች። አላውቅም አልኩ። «አገር ስጠኝ!» አለች። ጃፓንን አልኳት።

«ጃፓን ምን ያደርግልኛል? ወልድያን ስጠኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃፓን የሚቀበል ጠፋ። የረታ ሁሉ የየቀዬውን፣ ሲሪንቃን፣ ጊራናን፣ ውርጌሳን ነው የሚለው። የሚሰጠውም በሕጉ መሠረት የሚያውቀውን አንድ ነገር ይናገራል፤ የምንጩን ውሃ፣ የጫቱን ማሳ፣ ከመስጊዱ ጓሮ ያለውን ዋርካ። አንዳንዱ ትዝታ እያንጎራጎረ ይጀምርና ተው እባክህ ይባላል።

አንድ ቀን ከሐብሩ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ክፍላችን ገቡ። እግራቸው አብጧል፣ ሽርጣቸው አቧራ ብቻ ነው። አሰላሙ አለይኩም ብለው ጥግ ያዙ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ትንሹ ልጃቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ተለያይተዋል። እሱን የሚያውቅ አልነበረም፣ ነገር ግን ሁላችንም «ደህና ይሆናል አባባ፣ ይመጣል» አልናቸው። እኔም አብሬ አልኩ። ምን ይባላል ታዲያ?

ተራዬን ጠብቄ «በመርሳ አልፈዋል ወይ?» አልኳቸው። አልፌያለሁ አሉ። ወፍጮ ቤቱን ያውቁታል፣ እህል ሲያስፈጩ ኖረዋል። ከአጠገቡ ያለውን ቤት ምልክቱን ነገርኳቸው፣ እርጉዝ ሚስት እንዳለችኝም ነገርኳቸው። ያበጠ እግራቸውን እያሹ «ደህና ናቸው። አብሽር ልጄ» አሉኝ። ያ የፈራሁት ቃል። ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ እሳቸውንም ጨዋታው ውስጥ አስገባኋቸው። ዝም ብዬ ብጠይቃቸው ደህና ናቸው እንጂ ሌላ እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ በጨዋታው ሕግ ግን ያዩትን መናገር ግድ ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ በረዶ የሚለብስ ተራራ ማን ነው አልኳቸው። «ፀሐይ አናቱ ላይ እያለ በረዶ? አላህ ያውቃል» አሉ። ኪሊማንጃሮ እንደሆነ ነገርኩና አገር ይስጡኝ አልኩ።

«የትኛውን?»

«መርሳን። ያዩትን አንድ ነገር ነግረው ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ካርታው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ። «በዚያ ቤት ደጅ ሳልፍ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነው። ነጭ፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ። ነፋሱ ያወዛውዘው ነበር። መርሳን ሰጥቼሃለሁ።»

ሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። ይህ ደህና ናቸው ከሚለው ጋር አይገናኝም። የሕፃን ጨርቅ ካለ ሕፃን አለ፣ ያጠበች እጅ አለች። ደሴም ተይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ፣ እዚያም በድንኳን ውስጥ ብርዱ አጥንቴ ሲገባ፣ የማስበው ስለዚያች ጨርቅ ነበር። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ ጨርቁን ግን አውቀዋለሁ። ስንቱን ሌሊት ከገመድ እያወረድኩ አጥፌዋለሁ። ሽማግሌውን በሽሽቱ ግርግር አጣኋቸው።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ ሲባል በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ መርሳ ገባሁ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ተነቅሎ ተወስዷል፤ ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቶ ሰፈሩ ጭር ብሏል። የአማቴ ቤት በር በቆርቆሮ ተለጥፎ ነው የቆመው። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። አየችኝና ጠጋ አለችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ «ሴት ናት» አለችኝ። ብይዛት አለቀሰችብኝ። «ተዋት፣ አታውቅህም እኮ፤ ትልመድህ» አለች ባለቤቴ፣ እሷም ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ማታ ስለ ጨርቁ ነገርኳት። ግራ ገባት። «የት ተሰጥቶ?» አለችኝ። «ከተማው ከመያዙ በፊት እኮ ነው ከእማዬ ጋር ወደ ገጠር የወጣነው። የወለድኳትም እዚያ ሰው ቤት ነው። የተመለስነው ገና ሰሞኑን ነው፤ እዚህማ ማንም አልነበረም።»

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መርሳ ገበያ ላይ ነው፤ ማሽላ ይዘው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ልጅቱን ታቅፋ ከኋላዬ ነበረች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ «አባባ፣ በዚያ ቤት ምንድን ነው ያዩት?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አልሸሹኝም። «የተሰበረ በር ነው ያየሁ» አሉ። «ውስጡ ሰው የለ፣ ዶሮ የለ። እሱን ይዤ መጥቼ ላንተ ልስጥህ? ፊትህን አይቼው የለ እንዴ? እህል እንኳ ትተህ ነበር።»

ምን ልበል ብዬ «ልጅዎስ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ማሽላቸውን በእጃቸው ዘገን አድርገው መልሰው ጣሉት። «እኔንስ» አሉ፣ «ደህና ነው እያላችሁ አይደል ያከረማችሁኝ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ባለቤቴ ግን ወደፊት አለፈችና ልጅቱን እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ቢስሚላህ ብለው ተቀበሏት። እኔን ለመልመድ ስንት ቀን ያለቀሰችብኝ ልጅ እሳቸው ላይ ዝም አለች። ጥቂት ቆይታም ሽርጣቸው ላይ ሸናችባቸው። ባለቤቴ ደንግጣ እጅዋን ዘረጋች፣ እሳቸው ግን ቶሎ ሊመልሱልን አልፈለጉም።