የእህቴ የምች ቅባት

ባለፈው ሳምንት አዳማ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስወርድ፣ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ ልጇን እያስሸተተች ነበርና፣ ያ የተጨመቀ ቅጠል ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ደረጃው ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ቀና ብላ «ምች መትቷት ነው» አለችኝ። «አላህ ይማራት» ብዬ አለፍኩ፤ ልቤ ግን አሰላ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ያለችው እርጥብ ጓሮ ውስጥ፣ የእህቴን የሰሚራን ያበጠ ከንፈር እያየ ቀርቶ ነበር።

የአሰላ ክረምት ብርቱ ነው። የጭላሎ ተራራ ለቀናት በጉም ተሸፍኖ ሲከርም፣ እኔና ሰሚራ አንድ አልጋ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተሻምተን እንተኛ ነበር። አባታችን በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ እሱ፣ እናታችን፣ እኛ ሁለታችንና ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት የአባታችን ታላቅ እህት፣ አክስታችን ዘምዘም፣ እንኖር ነበር። አክስታችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ስንታመም የሚያስታምሙን፣ ስንራብ የሚያበሉን እሳቸው ነበሩ፤ ግን ዓይናቸው አያርፍም ነበር። ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየን ጫማችን ላይ ያለውን ጭቃ አይተው በየትኛው መንገድ እንደመጣን ይነግሩን ነበር። በእኛ ቤት ነገር አይጠየቅም፣ ይፈተሻል።

እናታችን የምትፈራው ምችን ነበር። ትኩስ በልተን ወደ ውጭ ስንወጣ፣ ፀጉራችንን ታጥበን ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ስንቆም፣ «ምች ይመታችኋል» እያለች ትመልሰን ነበር። እሷ ራሷ በየዓመቱ ዝናቡ አባርቶ የመስከረም ፀሐይ ሲወጣ የከንፈሯ ጫፍ ውሃ ይቋጥርና ያብጥ ነበር፤ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ ጨምቃ ትቀባውና ማንም ሳያነሳው ሳምንት አልፎት ይድን ነበር። የእናትን ከንፈር ማን ያያል።

የምነግራችሁ ዓመት መስከረም ላይ ሰሚራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች፣ እኔ ስድስተኛ። ሰሚራ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ የጤና ትምህርት ለመማር ቆርጣ፣ በቃሏ የምትይዘውን ሁሉ አልጋ ውስጥ ሳይቀር ጮክ ብላ እየደገመች እንቅልፍ ትነሳኝ ነበር። ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ከንፈሯ ላይ የውሃ ቋጠሮ ወጣባት፤ በማግስቱ ፈንድቶ ቢጫ ቅርፊት ያዘ። እናቴ እንደ ልማዷ ዳማከሴ ጨመቀችላት። ሰሚራ ግን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ተመልሳ ሦስት ቀን ቀረች። አንድ ልጅ በክፍሉ ፊት «ማን ነክሶሽ ነው?» ብሏት፣ ክፍሉ ሁሉ ስቆባታል። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር።

በጥቅምት ያ ነገር እንደገና መጣባት፤ በዚህ ጊዜ ግን ዳማከሴ አልጠየቀችም። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ መስኮቱ ጋ ቆማ በትንሿ መስታወት እያየች፣ የጥርስ ሳሙና ከምትመስል ግን ከጣት ከማትበልጥ ቱቦ ነጭ ነገር አውጥታ በጥጥ ከንፈሯን ስትነካካ አየኋት።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«ምንም። ተኚ።»

ከዚያ በኋላ እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። ቅባቱን በቀን ብዙ ጊዜ እንደምትቀባ፣ ከመቀባቷ በፊትም በኋላም እጇን በሳሙና እንደምትታጠብ፣ ቱቦዋን ከትራሷ ጥጥ ውስጥ እንደምትወሽቅ አወቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማወቄ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። አክስታችን ደግሞ ሌላ ሌላውን ለቅመው ነበር። ሰሚራ የራሷን ብርጭቆ ለይታለች፤ ፎጣዋን ለብቻ ትሰቅላለች፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያሳቅፏት ፊቷን ታዞራለች።

«ጤነኛ ሰው ብርጭቆ አይለይም» አሉ አንድ ቀን ለእናቴ፣ እኔ መኖሬን ሳያዩ። «ይህች ልጅ የደበቀችው ነገር አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሰሚራ ስትገባና ስትወጣ ከእግር እስከ ራሷ ታያት ነበር።

ኅዳር ላይ ስንዴው ይታጨድና ከጎረቤት ከተማ ከኢተያ በኩል የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ከተማውን በአቧራና በጭድ ሽታ ይሞሉት ነበር። ፀሐዩ ደረቅ ስለሆነ ፍራሽና ትራስ የሚሰጣውም ያን ጊዜ ነው። አንድ ዓርብ አክስታችን የሰሚራን ትራስ አጥር ላይ ሊያሰጡ አንስተው፣ ጥጡን ሲያፍታቱ ቱቦዋ ከነካርቶኗ እጃቸው ገባች። ሰሚራ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ፣ አባቴም ከጁምዓ እስኪመጣ ጠበቁ፤ ከዚያ ካርቶኑን ምንጣፉ መሃል አስቀመጡት።

«ይህ ምንድነው?» አለ አባቴ።

«ለከንፈሬ ነው» አለች ሰሚራ።

«ለከንፈር ከሆነ ለምን ይደበቃል?» አሉ አክስታችን።

አባቴ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ተጣጥፎ የነበረውን ወረቀት ዘርግቶ አገላብጦ አየው፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ አየ። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ እንደነበርኩ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። «ሀያት፣ ነይ አንብቢልን» አለኝ።

ዛሬም ድረስ ያን ወረቀት ስይዝ የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም። የራሷን የሰሚራን መዝገበ ቃላት አምጥቼ ጉልበቴ ላይ ከፍቼ፣ የማውቀውን እያለፍኩ የማላውቀውን ፈለግኩ። ከበሽታው ስም ቀጥሎ ሁለት ረጃጅም ቃላት ነበሩ። የመጀመሪያው መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም። ሁለተኛው ግን አለ።

«የመራቢያ አካል ይላል» አልኩ።

አክስታችን በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እንደነበረው ሊያጥፈው ሞከረና አልሆነለትም። ሰሚራ ወደ እኔ ብቻ ነበር የምታየው።

«ሌላውስ ቃል?» አለችኝ።

«መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም» አልኳት።

«ነገሩ እስኪታወቅ ከቤት አትወጣም» አለ አባቴ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ።

ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ። ሰሚራ ጓዳ ተቀምጣ ያንኑ መጽሐፍ ደጋግማ ታነብ ነበር፤ አሁን ግን ድምፅ አታሰማም። ጓደኛዋ ደብተር ይዛላት ስትመጣ አክስታችን ከበር ይመልሷት ነበር። አሰላ ውስጥ ቅባቱን ለማንም ማሳየት አይታሰብም ነበር፤ ገበያው ውስጥ ሱቃችንን የማያውቅ የለም፣ አንድ መድኃኒት ቤት የገባ ወሬ እስከ ማታ ዴራ ይደርሳል ይሉ ነበር። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ይገምት ነበር። አባቴ ሱቅ ደጃፍ የሚቆም ወጣት ሁሉ አላምር አለው። እናቴ የሰሚራን ልብስ ስታጥብ አገላብጣ ታየው ነበር። እኔም ብሆን እህቴ አጠገብ ስተኛ ብርድ ልብሱ እንዳያነካካን እየሳብኩ ወደ ግድግዳው እጠጋ ነበር። ይህንን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን አድርጌዋለሁ።

ጥር ላይ እናቴ «የዓመት ስንዴ ልገዛ ኢተያ ልሂድ፣ ሀያት ታግዘኝ» ብላ ከአባቴ ፈቃድ ወሰደች። ኢተያ ስንደርስ ግን ወደ እህል ተራው አልሄደችም። አንዱን መድኃኒት ቤት ሰው አለበት ብላ አለፈችው፤ ሌላውንም አለፈችው፤ ሦስተኛው ባዶ ስለነበር ገባን። ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ሴት ከባንኮኒው ኋላ ተነሳችና «አዴ፣ ይቀመጡ» አለቻት፤ በእኛ አገር ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ እንዲያ ይላሉ። እናቴ ሳትቀመጥ ቱቦዋን ከነወረቀቱ ከመሐረቧ ፈትታ አስቀመጠች።

«የምትቀባው የጎረቤት ልጅ ናት» አለች። «ምን እንደሆነ ልወቅላት ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ አየችው። «የምች ቅባት ነው፣ ከንፈር ላይ ለሚወጣው።»

«ወረቀቱ ሌላ ይላል አሉ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያጣሁትን ቃል በጣቷ ነካችው። «ይህቺ የከንፈር ማለት ናት። ቀጥሎ ያለውም ውሸት አይደለም፣ ቅባቱ ለሁለቱም ይታዘዛል። ልጅቷ የወጣባት የት ነው?»

«ከንፈሯ ላይ። ሌላ የለባትም።»

«እንግዲያው ለሱ ነው።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከወንድ አይደለም የሚይዘው?»

«አብዛኛው ሰው ገና በልጅነቱ ነው የሚይዘው፣ ከሳመው ዘመድ። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ፣ ብርድ ወይ ድካም ሲያገኝ ይነሳል። ፀሐይ ነው ስትሉ እኮ ልክ ናችሁ። ቅባቱ ጨርሶ አያጠፋውም፣ ቶሎ እንዲደርቅ ግን ትንሽ ያግዛል። ገና ሲያሳክክ፣ ሳያብጥ መጀመር ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ እጅ ታጥቦ። እስኪድን ብርጭቆና ፎጣ መለየት፣ ሕፃን አለመሳም።»

አክስታችን የለቀሙት ማስረጃ ሁሉ አንድ በአንድ ከዚህች ሴት አፍ ሲወጣ ቆሜ ሰማሁ። ሴትዮዋ የእናቴን ፊት ትንሽ አየችና፣ «እርስዎስ ያወጣብዎታል?» አለቻት።

እናቴ የከንፈሯን ጫፍ በጣቷ ነካች። «በየዓመቱ» አለች። ከዚያ፣ የጎረቤት ልጅ ማለቷን ረስታ፣ «ጥርስ ሳታበቅል ዳቦ በአፌ እያላመጥኩ ነበር የማጎርሳት» አለች።

ሴትዮዋ እንዳልሰማች ሆና ወረቀቱን አጠፈችው፤ አባቴ ያቃተውን እሷ በአንዴ አጠፈችው። «ጥፋት አይደለም፣ አዴ። እርስዎንም አንድ የሚወድዎት ሰው ስሞዎት ነው» አለቻት።

ስንዴ ሳንገዛ ተመለስን። እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ አሰላ ድረስ በሻሿ ጫፍ አፏን እንደሸፈነች ነበረች። ቤት ስንደርስ አባቴን ከሱቅ አስጠርታ፣ አክስታችንንም አስቀምጣ የሰማችውን ነገረቻቸውና «ከእኔ ነው የያዛት» አለች።

«ታዲያ ለምን ደበቀች?» አሉ አክስታችን።

«እኛ ስላለን ነዋ» አለች እናቴ።

ጓዳ ገብታ ቱቦዋን ለሰሚራ ዘረጋችላት። ሰሚራ ተቀበለቻት፣ ክዳኗን ዞር ዞር አድርጋ አጠበቀቻት፣ ከዚያ «የመንፈቁ ፈተና ትናንት አለቀ» አለች። አባቴ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ርዕሰ መምህሩን ለመነ፤ የሁለት ትምህርት ፈተና በተናጠል ሰጧት፣ የቀረው አለፋት። ሰኔ ላይ በተፈተነችው ብሔራዊ ፈተና ያገኘችው ውጤት ለጤና ትምህርት አልበቃም። ካመለጣት ትምህርት ይሁን ከሌላ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ እርግጠኛ ነበር። መምህራን ኮሌጅ ገባች፤ ዛሬ ሲሬ ውስጥ ልጆች ታስተምራለች።

ያን ወረቀት ስላነበብኩባት ይቅርታ የጠየቅኋት ሁለታችንም ካገባን በኋላ ነበር። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «እነሱ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ያውቁኝ ነበር።» ከዚያ ቅባቱን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። እዚያው አሰላ፣ ብቻዋን መድኃኒት ቤት ገብታ፣ አፍራ፣ «ለእናቴ ነው» ብላ እንደገዛችው ነገረችኝ። «በእማ ከንፈር ላይ ሁልጊዜ አየው ነበር፤ እማን ደግሞ ማን ይጠረጥራታል» አለች።

አሁን እኔ ራሴ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ፤ ነጃት ትባላለች። ያው ነገር አንዳንዴ በከንፈሯ ይወጣል፤ ከእኔ ይሁን ከአያቷ አናውቅም፣ አንጠይቅምም። ቅባቱ መታጠቢያ ቤት፣ ከጥርስ ሳሙናው ጎን በግልጽ ይቀመጣል፤ ሲያሳክካት ራሷ ቀብታ፣ እጇን ታጥባ፣ «ዛሬ እንዳትስሚኝ» ትለኛለች። በእናቴ ጊዜ ይህ አይታሰብም ነበር። ትራስ አላፍታታም፣ ደብተር አልከፍትም፤ በሯን ዘግታ ስትቆይብኝ አንኳኩቼ ምን እየሠራች እንደሆነ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ትመልስልኛለች። መልሷን ከሰማሁ በኋላ ግን እግሬ ወዲያው ከበሩ አይነሳም፤ ትንሽ እቆማለሁ።