የመሪጌታ ላቀው ጸሎት፦ ከብቸና እስከ ሞጣ

ረቡዕ፣ ጎህ ሳይቀድ፤ አዲስ አበባ

የጥቅምት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። አውቶቡስ ተራው ግን ከከተማው ቀድሞ ነቅቷል፦ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ በገመድ የታሰሩ ፍራሾች፣ በየመስኮቱ ሥር የሚዞር ትኩስ ሻይ፣ "ደጀን! ማርቆስ! ብቸና!" እያሉ የሚጣሩ ረዳቶች። መንገዱ ሰላም መሆኑን ትናንት ስልክ እየደወልሁ ስጠይቅ ነው የዋልሁት። ሾፌሩንም እንደገና ጠየቅሁት።

"ትናንት ደህና ገብተን ደህና ወጥተናል፣ እህቴ። የዛሬውን እሱ ያውቃል" አለኝ፤ በጣቱ ወደ ላይ እያሳየ።

የምሄደው አጎቴን ለመጠየቅ ነው። መሪጌታ ላቀው የእናቴ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ በኋላም ለትምህርት አዲስ አበባ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። በብቸና ማኅሌት ላይ እሳቸው ዜማ ሲያነሡ ሳል የያዘው ሰው እንኳ ሳሉን ውጦ ያዳምጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከደጃቸው ላይ በድንገት ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ አሉት። እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ንግግራቸው ግን እንደሄደ ቀረ።

ባለቤታቸው እትዬ ውባለም በሳምንቱ መጀመሪያ ደውለውልኝ ነበር።

"ነይልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "እህሉንስ ይቀምሳል። ዳዊቱን ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል። ቄስ መጥቶ ሊጸልይለት ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አጎትሽ እግዜርን አኩርፏል።"

ረፋድ፤ የዓባይ በረሃ

ጎሐ ጽዮን ላይ ዳቦና ሻይ ቀመስንና ቁልቁለቱን ጀመርን። እስከዚያ ድረስ አውቶቡሱ ገበያ ነበር፤ አንዱ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፣ ሁለቱ ስለ መስኮት ይጣላሉ፣ ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል። መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ግን ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፣ ወሬውም አብሮ ቀነሰ። ሴቶቹ አማተቡ። ስለ መስኮት ሲጣሉ ከነበሩት አንዱ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ገደሉ ሥር ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱናል። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይመታል።

እኔም "አቤቱ፣ በሰላም አሻግረን" አልሁ። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ደጀን ላይ ሽሮ ፊት ስቀመጥ ግን ረስቼዋለሁ። የእኔ ጸሎት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ይጀምራል፣ ሜዳ ላይ ያልቃል።

አመሻሽ፤ ብቸና

ከደጀን ወደ ሰሜን ታጥፈን ስንሄድ አገሩ ሁሉ ጤፍ ነው፤ ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ወርቅ መስሏል። በስተግራ የጮቄ ተራራ ደመናውን ለብሶ ተኝቷል። ብቸና ስንገባ ፀሐይዋ በቆርቆሮዎቹ ላይ ቀልታለች። ባጃጅ ይዤ የልጅነት ደጄ ደረስሁ።

አጎቴ በረንዳው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ዱቄት!" አሉኝ።

ግራ ገብቶኝ እትዬ ውባለምን አየኋቸው።

"እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ነው" አሉ፤ ሳቅም ሐዘንም ባለው ድምፅ። "ከሕመሙ ወዲህ የቀረችለት ቃል ይህችው ናት። ውሃም ዱቄት ነው፣ ብርድ ልብሱም ዱቄት ነው። ሲቆጣ ደግሞ ብትሰሚው!"

"ዱቄት!" አሉ አጎቴ፣ ሚስታቸውን በዐይናቸው እየገሠጹ። ሦስታችንም ሳቅን። የምንለው ሁሉ ይገባቸዋል፤ የማይታዘዛቸው አንደበታቸው ብቻ ነው።

እራት ሲቀርብ ሳቁ ቆመ። እትዬ ውባለም ተነሥተው አባታችን ሆይን ሲጀምሩ አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ጋቢውን እስከ ዐይናቸው ሳቡት። ጸሎቱ እስኪያልቅ አልተመለሱም። በዚህ ቤት ውስጥ ያለእሳቸው ቡራኬ እንጀራ ሲቆረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከእራት በኋላ እትዬ ውባለም ያሰቡትን ነገሩኝ። ሞጣ ላይ የኔታ ጽጌ አሉ፤ ከአጎቴ ጋር በአንድ ጎጆ ያደሩ፣ ድጓውን አብረው የተማሩ፣ አሁን እዚያው ዜማ የሚያስተምሩ። "አጎትሽ እሱ የሚለውን ይሰማል። ውሰጂልኝ" አሉ።

አጎቴ የጓደኛቸውን ስም ሲሰሙ ወደ እኛ ዞሩ። ከዚያ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሐሙስ፤ ከብቸና ወደ ሞጣ

የወሰደን ሰይድ ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ አባቱ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ እሱ በአሮጌ ሚኒባስ ይሠራል። አጎቴን ደግፎ ከፊት አስቀመጣቸው፤ ወገባቸው ሥር የገዛ ጃኬቱን አጥፎ አደረገላቸው።

"መሪጌታን አባቴ ያውቋቸዋል" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። "ሞጣ ለጥምቀት የመጡ ጊዜ ሱቁን ዘግተው ድምፃቸውን ሲሰሙ ነበር። 'ይሄ ሰውዬ እንኳን የራሱን ሰው እኔንም አስቆመኝ' ይላሉ።"

አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መንገዱ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ስንዴ የጫኑ አህዮች ጠርዙን ይዘው ይሄዳሉ። ደብረ ወርቅ ላይ ምሳ በላን። ግንደ ወይን ሳንደርስ ሰይድ መኪናውን ከመንገዱ አወጣና "የሶላት ሰዓት ደርሷል፤ ትንሽ ትታገሡኛላችሁ?" አለ። በጀሪካኑ ውሃ ታጠበ፣ አጨዳው ያለቀ ማሳ ዳር ምንጣፉን ዘረጋ።

አጎቴ በመስኮቱ ያዩታል። ሰይድ ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ ከንፈሩ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ነፋሱ ጭዱን ያበንነዋል። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በጣታቸው የገዛ ከንፈራቸውን ነኩ።

"ዱቄት" አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

እጃቸውን ያዝሁ። የእትዬ ውባለም ግምት ልክ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያኮረፈ ሰው እንዲህ አያይም። እንዲህ የሚያየው የናፈቀ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ፤ ሞጣ

የኔታ ጽጌ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ጭቃ ቤት ይኖራሉ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሳቃቸው የበዛ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጓደኛቸውን በር ላይ አቅፈው አልለቅ አሉ።

"ዱቄት" አሉ አጎቴ።

"ዱቄት? ከመቼ ወዲህ ነው ነጋዴ የሆንኸው?"

ሰይድ መኪናው ጋ ቀርቷል፤ ነገሩን ማስረዳት የእኔ ፈንታ ሆነ። ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ ስለ ሕመሙ፣ ስለ አንዲቷ ቃል፣ ስለ ተቆለፈው ዳዊት ነገርኋቸው። የኔታ ሳቃቸውን አቆሙ። ከአጎቴ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ።

"መጸለይ ጠላህ?"

አጎቴ ራሳቸውን በእምቢታ ወዘወዙ።

"ታዲያ ለምን ተውህ?"

አጎቴ አፋቸውን አመለከቱ። "ዱቄት" አሉ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ አመለከቱና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የኔታ ነገሩ ገባቸው። "እንደ ልማድህ ልትጸልይ ቆምህ። አቡነ ዘበሰማያት ልትል አፍህን ስትከፍት ዱቄት ወጣ። በፊቱ ቆሜ እንዴት እንዲህ እላለሁ፣ ስድብ ይሆንብኛል ብለህ አፍረህ ዝም አልህ። እንዲህ ነው?"

ከጋቢው ውስጥ ራሳቸው ተነቀነቀ። ወራት ሙሉ ይህን ተሸክመው ሲቀመጡ ማናችንም አላወቅንም ነበር።

"ላቀው፣ ስማኝ" አሉ የኔታ፤ ጋቢውን ከፊታቸው ላይ ቀስ ብለው እየገለጡ። "ጸሎት ለእሱ ያላወቀውን ነገር ማስታወቂያ መሰለህ? ያለብንን ሁሉ ከእኛ በፊት ያውቀዋል። እኔና አንተ ይህን ያህል ዘመን የቆምነው ቃላችን አምሮለት ነው? ከፊቱ እንዳንርቅ ብለን ነው እንጂ። ደግሞስ ብቻህን የጸለይህ መቼ ነው? ማኅሌት ላይ አንተ በቀኝ፣ እኔ በግራ ነበርን። አንተ ሲደክምህ እኔ አልያዝሁልህም? አሁንም ልያዝልህ።"

ተነሡ። መቋሚያቸውን ለአጎቴ ሰጡ፤ እሳቸው በትር አንሥተው ተደገፉ። ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ዞሩ። የኔታ የሐሙስን ውዳሴ ማርያም በዜማ ጀመሩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ጨረሱና ዝም አሉ። ተከታዩ የቀኙ ነው፤ የአጎቴ ነው።

አጎቴ አፋቸውን አልከፈቱም። የኔታ ግን አልቀጠሉም፤ አንቀጹ ቢዜም ኖሮ የሚፈጀውን ያህል ጠበቁ። በዝምታው ውስጥ ጣታቸው በትሩ ላይ ዜማውን ሲቆጥር አያለሁ። ከዚያ ሦስተኛውን አነሡ፣ ጨረሱ፣ እንደገና ጠበቁ። አጎቴ አሁንም ዝም ናቸው፤ እግራቸው ግን መሬቱን መምታት ጀምሯል።

በቀጣዩ ተራ የማውቀው ድምፅ መጣ። ሻካራ ሆኗል፣ ግን እሱ ነው። ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዱቄት፣ ዱቄት፣ ዱቄት ነበር። ዜማው ግን በሚወጣበት ወጣ፣ በሚወርድበት ወረደ፤ በሚረጋበት ቦታ ረጋ። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ አንቀጹን እስከ ጫፉ አደረሱት። እኔ በሩ ተደግፌ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዣለሁ። ሰይድም ድምፁን ሰምቶ መጥቶ ኖሯል፤ ከኋላዬ ቆሟል።

ውዳሴው ሲያልቅ የኔታ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

"የመጨረሻው አንቀጽህ ላይ ቸኮልህ" አሉ።

"ዱቄት!" አሉ አጎቴ፣ ተቆጥተው።

"ቸኩለሃል አልሁህ!"

ሁለቱም እንደ ተማሪ ሳቁ።

ዓርብ፤ ከሞጣ ወደ ብቸና

ጠዋት አጎቴ ለኪዳን ጸሎት ወደ ጊዮርጊስ ሄዱ፤ የኔታ ክንዳቸውን ይዘው። ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ ድምፃቸውን ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሰማሁት። ቃሉን መለየት አይቻልም፤ ከዚያ ሁሉ አንደበት መካከል የማን ቃል ጎድሎ የማን ሙሉ እንደሆነ ከውጭ የቆመ ሰው አያውቅም።

በመልሱ መንገድ አጎቴ ከፊት ተቀምጠው አንጎራጎሩ። ሰይድ ራዲዮውን አጠፋ። ግንደ ወይን ላይ ብርቱካን ገዝቶ እየላጠ አበላቸው፤ "ለአባቴ ምን ልበልልዎ?" ሲላቸው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ብቸና ስንደርስ ከመኪናው እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄዱ። እትዬ ውባለም ቁልፉ ሲዞር ሰምተው ከጓሮ ሮጠው መጡ፤ ዳዊቱን በአጎቴ እጅ ሲያዩ ዘነዘናውን ይዘው እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ብቸና

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ማልዶ ነው የሚነሣው። በጨለማ ተነሥቼ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ከጓዳው የአጎቴ ድምፅ ይሰማል፤ ዜማው አልቆ አሁን ቀስ ብለው እንደሚያወጋ ሰው ነው የሚያሰሙት። ልሰናበታቸው በሩን ልገፋ ስል እትዬ ውባለም ከአልጋቸው ላይ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ተይው፣ አታቋርጪው" አሉ በሹክሹክታ። "ስለ ሰው መለመን ጀምሯል። የሞቱትን ጨርሶ አሁን ወደ ሕያዋኑ መጥቷል።"

"በምን አወቁ? የሚሉት ዱቄት ብቻ አይደለም?"

"ስንት ዘመን ከጎኑ ተኝቼ ሰማሁት! ስለ ሙታን ሲለምን ድምፁ ይከብዳል። ስለ ጎረቤት ሲሆን ይፈጥናል፤ ጎረቤቱ ብዙ ነዋ። ልጆቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ..." አሉና ዝም ብለው አዳመጡ።

እኔም አዳመጥሁ። ድምፁ ለሰለሰ፣ ዘገመ። ያችኑ አንዲት ቃል ቀስ አድርገው፣ እያባበሉ ይደጋግሟታል።

እትዬ ውባለም ክንዴን ነኩኝ። "አሁን አንቺ ጋ ደርሷል" አሉኝ።

ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ። ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጥሁና ጫማዬን አወለቅሁ።