በየክፍሉ የተቀመጠው ስሜ

የበደለኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው፤ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ቡራዩ በደረሰበት ዓመት፣ ትምህርት ተቋርጦ እንደገና በተጀመረ ሰሞን። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ቢቀርባቸው ይሻላል።

እኔ የትምህርት ቤቱ ሪከርድ ሠራተኛ ነበርኩ። የተማሪዎቹ ዳታቤዝ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚገኘው። መምህራን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የሚሞሉባቸው የኤክሴል ፋይሎች ከዚያ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እኔ ዘንድ የአንድ ልጅ ስም ሲታረም እነሱም ዘንድ ይታረማል። በመምህራን ማረፊያና በቤተ መጻሕፍት ያሉት ኮምፒውተሮች ከእኔው ጋር በገመድ ተገናኝተዋል። ችግሩ፣ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ከያዘ ሌላው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ማሽኑ በእገሌ ተይዟል ይላል።

እገሌ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ማሽኖቹን የገጠመው ቴክኒሻን ፕሮግራሙን ሲጭን የተጠቃሚ ስም ተጠየቀ፤ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ በሁሉም ላይ የእኔን ስም ጽፎ ሄደ። ማንም ይክፈተው ማን፣ ያዘች የምባለው እኔ ነኝ። መምህራኑ መቀለጃ አደረጉት። በመስኮቴ አንገታቸውን አስግገው፣ «እትዬ፣ ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ እባክዎ ይነሱልን» ይሉኛል። እኔም ከወንበሬ ሳልነቃነቅ፣ «እዚያ ያለችውን ራሳችሁ አስነሷት» እላለሁ። ከዚያ እየዞሩ ይጠያየቃሉ፤ የያዘው ሰው ይገኛል፣ ይዘጋል፣ ሥራ ይቀጥላል። በዚያ ግቢ ከሰው ጋር የሳቅሁት በዚያ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ ሰልፍ የወጡባቸውን ቀናት መምህራኑ ሳይሞሉ ተዉአቸው። ማንም ተሰብስቦ አልተማከረም። ባዶውን አየሁ፤ እኔም አልጠየቅሁም። በኋላ የቀሩት ተማሪዎች ስም ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ከበላይ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አልተሞላም ብለው መለሱ። ነገሩ ያለፈ መሰለን።

አንድ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ የአሥረኛ ክፍልን ፋይል ብከፍት ተይዟል አለኝ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዘበኛው በቀር በግቢው ሰው አይታይም። ወደ መምህራን ማረፊያ ተሻገርኩ። ምክትሉ ብቻውን ተቀምጦ፣ የክፍል አለቆች በእጅ የያዙትን የስም ጥሪ ወረቀት ጎኑ ቆልሎ ባዶ የተተዉትን ቀናት ይሞላል። ምነው በጠዋቱ አልኩት። ቀና ሳይል፣ ትንሽ ማስተካከያ ነው እትዬ፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ አለኝ። ፋይሎቹ እንዴት እንደሚያያዙ ይህን ሰው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልጆች ከየቤታቸው ተወሰዱ። የጎረቤቴ ልጅ አንዱ ነው። ወላጆች ግቢውን ሲሞሉት ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠሩ። አንድ መምህር ፋይሉን ከፍቶ መጨረሻ የጻፈበት ማን እንደሆነ ጮክ ብሎ አነበበ። ስሜ ነው። አልደነገጥኩም፤ የሁላችንም ቀልድ ነዋ። ሁሉም ማሽን የእኔን ስም እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ያን ጠዋት ማረፊያው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይናገር አልኩ።

ምክትሉ እጁን አጣመረ። «ኮምፒውተሩ እትዬን ካለ እኔ ምን እላለሁ?»

በመስኮቴ ሲቀልዱ የኖሩት ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አዩ። እኔ ካልሆንኩ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ሊከተል ነው፤ በዚያ ሰሞን ያን ለመጠየቅ የሚደፍር አልነበረም።

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ» ብላ ሳትጠይቀኝ አትውልም ነበር፤ እኔም በኦሮምኛዋ እመልስላት ነበር። ያ ቀረ። ባለሱቁም ዕቃዬን ሰጥቶኝ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ይቅር፣ እሷ እንድታውቅ ፈልጌ ራሴ ሄድኩ። ኩበት ትጠፈጥፋለች። ማሽኑን፣ ስሙን፣ ያን ጠዋት ያየሁትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ፋይሉ የማንን ስም ይላል?»

«የእኔን። ግን እኮ...»

«እኔ ማንበብ አልችልም። የነገሩኝ ያነበቡት ናቸው።»

ልጅሽ እንዴት ነው አልኳት። አለ አለችኝ። ተፈትቶ መጥቶ ነበር፤ ከጓዳ ሲያስል ይሰማኛል። ግቢና ጠይቂው አላለችኝም። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ለፋሲካ የሰፈሩ ቅርጫ ሲከፈል መደብ አልነበረኝም። የከለከለኝ የለም፤ የጠራኝም የለም። አንዲት ዶሮ ሠርቼ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብቻዬን በላኋት።

በክረምቱ ሥራዬን ለቅቄ ሰበታ፣ ከፉሪ ወዲያ ቤት ተከራየሁ። ምክትሉ አድጎ ሱሉልታ ርዕሰ መምህር ሆነ። እናቱ ያረፉ ጊዜ ከመምህራኑ አንዷ ደወለችልኝ። ሚኒባስ ተከራይተናል፣ መጥተን እንውሰድዎት፣ ቂም ለሞት አይሆንም አለች። እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ ደግ ሴት ነበሩ።

ለቅሶው አልሄድኩም። ያን ቀን ልብስ አጠብኩ።