የዋራፖን ጥጋበኛ ሴሎች

በታይላንዷ ከተማ ቺያንግ ማይ በሚገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ዋራፖንን እንቅልፍ የነሳት የሥራ ባልደረባዋ የቻሊዳ ሳህን ነበር። ሁለቱም የትልቁን አንጀት ካንሰር ሴሎች ሴረም የሚባል ከደም የሚገኝ ፈሳሽ እየመገቡ በሳህን ያሳድጋሉ፤ መሃሉን ይጭሩና ሴሎቹ ጭረቱን መሻገር አለመሻገራቸውን በማግስቱ ያያሉ። ጥያቄው፣ በኦክስጅን የሚሠራው አንዱ ኢንዛይም ሲታገድ የካንሰሩ ጉዞ ይገታል ወይ የሚል ነው። ሥራዋ የሰመረላት ባንኮክ ሄዳ ውጤቱን ታቀርባለች።

ኢንዛይሙ በታገደበት ሳህን የቻሊዳ ጭረት ክፍት ሆኖ ያድራል፤ የዋራፖን ግን ሁልጊዜ ይደፈናል። ቻሊዳ ደግሞ ገና በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ናት። ዋራፖን አንጀቷ አረረ።

"ያንቺዎቹ እኮ በረሃብ ከስተው ነው የማይንቀሳቀሱት" አለቻት ምሳ ላይ፣ ሩዙን በጣቷ እያድበለበለች። "የእኔዎቹን እያቸው፣ ሴረም ጠጥተው ጠግበው!"

ቻሊዳ መብላቷን አቆመች። "እትዬ፣ ከጫርሽ በኋላም ትመግቢያቸዋለሽ እንዴ?"

"ታዲያ ላስርባቸው? የልጆች እናት አይደለሁ!"

"ሲጠግቡ እኮ ይባዛሉ። ጭረቱን የሚሞሉት ተጉዘው ሳይሆን ተዋልደው ነው። ሴረሙን ከልክያቸው፤ ያኔ ጉዞው ብቻ ይታይሻል።"

ዋራፖን አፈረች፤ ከሐፍረቱ በላይ ግን ቻሊዳ ይህን ማወቋ አስቀናት። ቢሆንም ከሰዓት አዲስ ሳህኖች ጭራ ሴረሙን ነፈገቻቸው። በማግስቱ ኢንዛይሙ ያልታገደበት ጭረት ጠቦ፣ የታገደበት ክፍት ሆኖ አገኘችው።

ሥራው ቀድሞ የሰመረላት እሷ ናትና ባንኮክ የምትሄደው ቻሊዳ ሆነች። "እትዬ፣ የማናችንን ሳህን ፎቶ ልውሰድ?"

"የእኔን!" አለች ዋራፖን ፈጥና። "ስሜንም በትልቁ ጻፊው፣ ካንቺ እንዳያንስ!"