የሮደልሃይሙ ፓምፕ ጠባቂ

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥተን ልጄ አንድ ጠርሙስ የአሆርን፣ የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ አነሳችና በጀርመንኛ እንውሰደው ወይ አለችኝ። "መልሺው" አልኳት፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ። ልጅቷ ምን አጠፋች? እኔን ግን ያ ነገር ክዳኑ ሳይከፈት ጋሽ ዘውዱ ምድር ቤት፣ ኬለሩ ውስጥ ይከተኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከስደተኞች መጠለያ ወጥቼ ማደሪያ ሳጣ፣ ጋሽ ዘውዱ ፍራንክፈርት፣ ሮደልሃይም ሰፈር ካለው ቤታቸው አንዲት ክፍል ሰጡኝ። በተማሪነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጡረታ የወጡ ኬሚስት ነበሩ። ኪራይ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ኪራይ ይከፈላል፣ ውለታ በምን ይከፈላል?

ጓሯቸው ውስጥ ትልልቅ የአሆርን ዛፎች ነበሩ። የካቲት ላይ፣ ሌሊቱ በረዶ ሆኖ ቀኑ ለዘብ ሲል፣ ግንዱን በስተው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ያጠራቅማሉ። ጣፋጭነቱ እንደ ነገሩ ነው፤ እንዳለ ካፈሉት ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። ስለዚህ ኬለር ውስጥ ፓምፕ ተክለው በረቂቅ ማጣሪያ በኃይል ይገፉታል። ንጹሁ ውሃ አልፎ ይሄዳል፤ ስኳሩ ማለፍ አቅቶት ይቀራል። ምድጃ ላይ የሚወጣው ያ የቀረው ነው።

የኔ ሥራ የግፊት መለኪያውን መጠበቅ ነበር።

"መርፌዋ ከቀዩ ካለፈች ማጣሪያው ይቀደዳል፤ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" ይሉኛል።

ቀዝቃዛ ወለል፣ የፓምፕ ጩኸት፣ ከላይ ከወጥ ቤት የሚወርድ የስኳር ሽታ። ሲደርስ በጾም ዳቦ ላይ ያፈሱልኛል። ይጣፍጥ ነበር፣ አልክድም።

በዚያው ሰሞን ካስል ከተማ ያለ የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ። ትምህርቱ ከዓርብ በኋላ ባለው ሳምንት ይጀመራል፤ እስከ ዓርብ እሺ ካላልኩ ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ጥሩ አውስቢልዱንግ፣ ጥሩ የሙያ ሥልጠና ነው" አሉ። "ዛፉ እምቡጥ ሲያወጣ ውሃው መራራ ይሆናል፣ ሥራው ያበቃል። ያኔ ትሄጃለሽ።"

ፍራንክፈርት ሁሉ ፀደይን ይለምናል፤ እንደኔ የለመነ ግን የለም። በየጠዋቱ ቅርንጫፍ ሥር ቆሜ አንጋጥጣለሁ። ብርዱ አልለቅ አለ። እምቢ እንዳልላቸው ያስጠጉኝ ሰው ናቸው፤ እሺ እንዳልላቸው ዕድሉ አይመለስም። ታፍኜ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩና እመጣለሁ አልኩ። ስመለስ ጋሼ ፓምፑ አጠገብ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። ፓምፑን የሚጠብቅ ሰው እፈልግልዎታለሁ።"

 ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ስኳሩ የሚወጣበትን ቧንቧ ዘጉት። መርፌዋ ወደ ላይ ወጣች። ቀዩን ልትነካ ስትል ፓምፑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ።

"ድሮም ጠባቂ አይፈልግም" አሉ ሳያዩኝ።

"ታዲያ እኔን ለምን አስቀመጡኝ?"

"ቤት ውስጥ ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል።"

ተናደድኩ፤ እስካሁንም በደንብ አልበረደልኝም። ቁጭ በይና አጫውቺኝ ቢሉኝ እኮ እቀመጥ ነበር። ያን ያህል የተማረ ሰው ይህችን ማለት ከበደው።

አሁን እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ አረጋውያን ቤት እሠራለሁ። አንዲት እናት ደወል እየጫኑ ያስጠሩኛል፤ መጋረጃው አልተዘጋም ይሉኛል። ተዘግቷል፤ ሁለታችንም እናየዋለን። ሌሎች እየጠበቁኝ ነው፣ ያ የኬለሩ ጭንቀት ደረቴ ላይ ይወጣል። መጋረጃውን ነካ ነካ አደርግና ወንበር ስቤ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እቀመጣለሁ።