በሥራ ቀን የማይዋጥ መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሄጄ ሐኪሟ መድኃኒቴን እንደገና ቀነሰችልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ኩላሊቴም እንደ ድሮው አይደለም። ወደ ሐይቅ ከተማ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሐሳቤ የሄደው መድኃኒቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደተስተካከለበት ዓመት ነው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር ሐይቁ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ። ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ዓመት አልሞላውም። አንድ ጊዜ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅተኝ ያጨልምብኛል፤ ሌላ ጊዜ እንቅልፍ ነሥቶ ተራራ ልግፋ ያሰኘኛል። ኪኒኑ ይህን ገታልኝ፤ እጄን ግን አንቀጠቀጠው። የተቀደደ መረብ ስቋጥር ቋጠሮው ይላላል፤ ቆሮሶ የምንለው ዓሣም በዚያው ሾልኮ ይሄዳል። ሰይድ ምንም ሳይል መልሶ ይቋጥረዋል። አፈርኩ።

ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ብልሃት ከተባለ። በሥራ ቀን አልውጥም፤ ባረፍን ቀን እውጣለሁ። ታንኳችን ዓርብ ለሰይድ፣ እሑድ ለእኔ ትቆም ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ዓሣ ተወደደ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ ብቻ ገበያው ደራ። ሰይድ ዓርብ ጁምዓውን ሰግዶ፣ እኔም እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ወደ ታንኳዋ እንመለስ ጀመር። ዕረፍት ጠፋ፤ ከዕረፍቱ ጋር መድኃኒቱም ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ከዓይኔ ራቀ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ወደ ዳር ሲወጣ፣ እኔ ሰይድን ይዤ ታንኳዋን ወደ መሐል ቀዘፍኩ። ከዚያም ብድግ ብዬ በአምባሰል ዜማ እዘፍን ጀመር። ታንኳዋ ትወዛወዛለች። ሰይድ ዓሣ አጥማጅ ይሁን እንጂ ዋና አይችልም። ቢጮህብኝ ኖሮ ሁለታችንም አልቀን ነበር።

«አብሽር ደምሴ፣ ዝፈን፤ ድምፅህ ያምራል» አለኝ። «ብቻ ቁጭ ብለህ ዝፈን። መቅዘፊያውን ለእኔ ስጠኝ።»

ተቀመጥኩ። እሱ እየቀዘፈ፣ እኔ እየዘፈንኩ ዳር ደረስን። ከታንኳዋ እንደወረደ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ደሴ ወሰደኝ። የዚያን ጊዜው ሐኪሜ መድኃኒቱን ለምን እንዳቆምኩ ሲጠይቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ዶክተር፣ ወላሂ ጠልቶት አይደለም» አለ ሰይድ። «እጁ እየተንቀጠቀጠ መረብ መቋጠር አቅቶት ነው። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ከእብደት አድነውኝ ስለ እጄ ላጉረምርምብዎት?»

«እኔ እኮ የተቀመጥኩት ለዚሁ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ እንቅልፌን መለሰልኝ። ከዚያ መቀነሱና መለወጡ ወራት ፈጀ፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ አስተኛኝ፣ ሌላው ሽሮውን ሁሉ ብረት ብረት አሰኘብኝ። በየቀጠሮው ሰይድ እኔ የቋጠርኩትን የመረብ ቁራጭ ይዞ እየመጣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ሐኪሙም በጣቱ ይስበዋል፤ ከላላ ራሱን ይነቀንቃል። ክረምቱ ሲወጣ አንዱን ቁራጭ ቢስበው ቢስበው አልፈታ አለው። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ ታምሜያለሁ፤ አግብቼ ልጆች ያሳደግሁትም በዚሁ መሐል ነው። ሕመሙን እግዜር ለምን እንደሰጠኝ አላውቅም። ያፈርኩበትን ነገር በእኔ ፈንታ የሚናገር ሰው ስለሰጠኝ ግን አመሰግነዋለሁ።

ባለፈው ሳምንትም ሰይድ ምርኩዙን ይዞ አብሮኝ ገብቶ ነበር። ሐኪሟ «የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?» ስትለኝ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት ሌሊት ሌሊት የሚያሠቃየኝን የውኃ ጥም ነገርኳት። መድኃኒቱን የቀነሰችልኝም ይህን ሰምታና ምርመራውን አይታ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይድ፤ «በስተርጅና አፍ ፈታ።»