የብርቄ ዓይን በእርሳስ

ባለቤቴ ብርቄ መታመም ስትጀምር ምልክቱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አይቼም ደስ አለኝ። ዓይኗ ጎልቶ ነበር።

ሥራዬ የሴቶችን ፊት በእርሳስ መሳል ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቄ ከፎቶም ከሰውም እስላለሁ። ሴት ሥዕሏን ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ዓይኗን ነው፤ ዓይኗ ከተዋጣልኝ ሌላውን ትምረኛለች። ስለዚህ እኛ ሠዓሊዎች ዓይኑን ትንሽ ከፈት፣ አንገቱን ትንሽ መለል እናደርጋለን። ያዘዘን የለም፤ ለምደነው ነው። ደንበኛም «አሳመርከኝ» ብላ ትስቃለች እንጂ ተከራክራን አታውቅም።

ብርቄ ሸማ ተራ ነጠላ ትሸጣለች። እሑድ እሑድ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ የነጠላ ጫፍ ስትቋጥር እስላታለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረናል። አምና ክረምት ላይ ግን ዓይኗ ከሳምንት ሳምንት እየፈጠጠ፣ ከጥቁሩ በላይ ቀጭን ነጭ እየታየ መጣ። እኔ ፈጠጠ አላልኩም፤ አማረ አልኩ። ነጩን ወረቀቱን ሳልነካ ተውኩት፣ ዙሪያውን ስድስት ቢ በሚባለው ለስላሳ ጥቁር እርሳስ አጠቆርኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ዓይን ስዬ አላውቅም። ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር።

ሌላም ምልክት ነበር። የሁለት ሰው ምግብ በልታ ትከሳለች። በሐምሌ ብርድ ልብሷን ትገፋለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ጫፍ መቋጠሩን ተወችው። በዓል እየደረሰ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። አንገቷ ሥር እብጠት ሲወጣም አይቻለሁ። ጥላውን መሳል ጀምሬ፣ የብርቄ አንገት እንዲህ አይደለም ብዬ በላጲስ አጠፋሁት።

መስከረም ውስጥ ሲስተር ዘውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ የእናታቸውን ሥዕል ሊያሠሩ መጡ። በሩ ላይ የተሰቀለውን ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። እኔ አድናቆት እየጠበቅኩ ነበር።

«ይቺ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት፣ ሲስተር።»

«ዓይኗ እንዲህ ነው ወይስ አንተ ነህ ያጎላኸው?»

ኩራቴ ተነካ። «ይሄኛው ላይስ ምንም አልጨመርኩም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ልጅቷ ታማለች። ነገ አትበል፤ ዛሬ ውሰዳት።»

ሱቁን ዘግቼ ሸማ ተራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ብርቄ የነጠላ ክምር ተደግፋ ተቀምጣለች። የእጇን አንጓ ያዝኩ። ልቧ ይሮጣል። ተቀምጣ ነው የሚሮጠው። ያኔ ፈራሁ።

ሆስፒታል የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ ተነሳች፣ የታይሮይድ ሆርሞን የሚለካ የቲኤስኤች እና የቲ ፎር የደም ምርመራ ታዘዘላት። ውጤቱን ያየው ወጣት ሐኪም እንዲህ አለን፦ «ሕመማቸው ግሬቭስ ዲዚዝ ይባላል። አንገታቸው ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመነጨ ልባቸውን አስጨንቆታል። ከዓይናቸው ጀርባ ያለው ሥጋም አብጧል። የዓይኑን ነርቭ ከተጫነው እይታቸውን ሊያጡ ይችላሉ።»

እይታቸውን። ብርቄ እጄን ያዘችኝ።

መቼ እንደጀመራት ሲጠይቀኝ ሥዕሎቿን አመጣሁለት። ከሁሉም ሥር የተሳለበት ቀን ተጽፏል። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደራቸው። ዓይኗ ከወረቀት ወረቀት ሲፈጥጥ በግልጽ ይታያል።

«አንገታቸው ላይ ግን ምንም የለም» አለ። «እብጠቱ ሰሞኑን ነው የወጣው ማለት ነው?»

ብርቄ ታየኛለች።

«ነበረ» አልኩ። «ከሰኔ ጀምሮ ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ጻፈው። የተናገረችው ብርቄ ናት። «እኔ እኮ በመስታወት አይቼው ደንግጬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሥዕልህ ላይ ሳጣው፣ የሱ ዓይን ከኔ ይበልጣል ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ በላይ የመታኝ ቃል የለም።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም፤ ብርቄ ግን እኔ ከማውቃት በላይ ጠንካራ ሆና አገኘኋት። ለልቧ ፕሮፕራኖሎል፣ ለዕጢው ፒቲዩ እየወሰደች፣ በየወሩ ደም እየሰጠች፣ ትራሷን ከፍ አድርጋ እየተኛች፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ ጠብታ እየጨመረች ወራቱን ገፋቻቸው። ብርሃን ሲወጋት ጥቁር መነጽር አድርጋ ሸማ ተራ ትቀመጥ ነበር፤ ጎረቤት ነጋዴዎች «ዘፋኟ መጣች» እያሉ ሲቀልዱባት አብራ ትስቅና «ፊርማዬ ነጠላ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ግዙ» ትላቸዋለች። የሲጋራ ጭስ የዓይኗን ሕመም እንደሚያባብስባት ሲነገረኝ ሲጋራዬን የዚያኑ ቀን ጣልኩ፤ እሷ ከታገሠችው አንጻር ይሄ ምንም አይደል። እጇ ረግቶ የመጀመሪያውን ጫፍ አስተካክላ የቋጠረች ቀን ሥራዬን ትቼ ጣቶቿን ብቻ ስመለከት ዋልኩ። እይታዋ ተረፈ። የልቧም ምት ተስተካከለ።

ሲስተር ዘውዴን አመሰግናለሁ፤ እኔ ያጌጥኩበትን ሥዕል እንደ በሽተኛ ያዩ እሳቸው ናቸው። ሳያቃልለን ያስረዳንን ሐኪምም እንዲሁ።

ይህ ሕመም የገጠማችሁ፣ ስለተሻላችሁ ብቻ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ፒቲዩ እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱና ደማችሁ ይታይ። እኛ ይህንን ምክር ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። አስታማሚዎች ደግሞ፣ አይታችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ ቢያሳፍርም ለሐኪሙ ንገሩት። የምትወዱትን ሰው ፊት ስታዩ፣ እንዲሆን የምትፈልጉትን ሳይሆን ያለውን እዩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፊት እያየሁ የኖርኩት ሰው እንኳ ይህ ጠፍቶኛል።

ባለፈው እሑድ ከሕመሟ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልኳት። የግራ ዓይኗ ዛሬም ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል፤ አንገቷ ሥር ያለው እብጠት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሁለቱንም እንዳሉ ሳልኳቸው። ላጲስ አላነሳሁም። ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔ እንደ ጀማሪ ፍርዷን እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ።

«አሁን አመንኩህ» አለችኝ።